ሦስት ቀን ብቻ የተማረው የውሃ አባት

አጎቴ ሙትፕ ዕድሜውን ሙሉ በስሙ አንድ ማሳ ኖሮት አያውቅም። መንደራችን የገባው በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ የእናቴን ታላቅ እህት ኩንዜስን አግብቶ ነው። ኩንዜስ ወንድም ስላልነበራት ቤቱንም መሬቱንም የወረሰችው እሷ ናት፤ በሰሜን ሕንድ ተራሮች ባለው አገራችን በላዳክ እንዲህ ያለች ሴት ባል ታመጣለች እንጂ ወደ ባል ቤት አትሄድም። ሙትፕ ከትልቁ ወንዝ ማዶ ካለ መንደር አንድ ምንጣፍ፣ አንድ የመዳብ ማሰሮና አንድ የእርሻ በሬ ይዞ መጣ። በሬው በሦስተኛው ዓመት ገደል ገባ።

ሚስቱ ቤት የገባ ባል ቦታው ዝቅ ያለ ነው። በድግስ ቀን ወንዶች በየማዕረጋቸው በረድፍ ሲቀመጡ፣ እሱ ከበሩ አጠገብ፣ ብርዱ ከሚገባበት ጥግ ይቀመጥ ነበር። ከረድፉ ራስ የሚቀመጠው ጎረቤታችን ጉርመት ደግሞ የገብስ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው አንዲት የማትለወጥ ጥያቄ ነበረችው።

«ሙትፕ፣ ዛሬስ ፈቅዳልህ ነው የመጣኸው?»

«ጫማዬን ደብቃብኝ ነበር» ይላል አጎቴ። «በእሷ ጫማ መጣሁ።»

ሰው ይስቃል። እሱም ይስቃል። እኔ ልጅ ሆኜ ሳቁ እውነት ይመስለኝ ነበር።

ሥራው ግን አያስቅም ነበር። ያለ ጭቃ የካበው የድንጋይ ካብ እስከዛሬ ቆሟል። አህያ ሲታመም የሚጠራው እሱ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የሚታወቀው በውሃ አባትነቱ ነው።

መንደራችን ዝናብ የሚባል ነገር አይጠብቅም። ውሃችን ከተራራው በረዶ ቀልጦ በአንድ ቦይ ይወርዳል። አሥራ አራቱም ቤት ገብሱን የሚያጠጣው ከዚያችው ቦይ ነው፤ ከላይ ያለው ቤት በመጀመሪያ፣ ከታች ያለው በመጨረሻ። የእያንዳንዱ ማሳ አፍ ከነሣሩ በተቆረጠ ጓል ይደፈናል። ተራው ሲደርስ ጓሉ ይነሳል፤ የተራራው ጥላ የተወሰነለት ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ተመልሶ ይደፈናል። ይህን የሚያደርገው የውሃ አባት ብቻ ነው። የማሳው ባለቤት ጓሉን በጣቱ እንኳ አይነካም። ሙትፕ ለዚህ የተመረጠው መሬት ስለሌለው ነበር፤ የራሱ ማሳ የሌለው ሰው ለማን ያዳላል? ኩንዜስ፣ «የኔን ማሳ ከሌላው አሳንሶ ነው የሚያጠጣው፤ ሰው እንዳያማው» እያለች ታማርር ነበር። እውነቷን ነው።

የምነግራችሁ የሆነው ሥራውን በያዘ በስድስተኛው ዓመት ነው። እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ከጃሙ ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥቻለሁ። በዚያ ዓመት የተራራው በረዶ ስስ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጧት ጧት ከጣራው ላይ ቆመው ሽቅብ ያዩና ሳይነጋገሩ ይወርዳሉ።

ሁሉም የሚጨነቅላት ሴት አንዲት ነበረች፤ ዶልካር። ባሏ በመንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ተንዶበት ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ቤቷ የቦዩ ጭራ ላይ ያለው አሥራ አራተኛው ቤት ነው። ያላትም አንድ የገብስ ማሳ ብቻ። ያለፈው ዓመት ምርት ደካማ ስለነበር ጎተራዋን ጠርጋ ለዘር አውጥታዋለች። ያ ማሳ ካልያዘ፣ ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን አማቷን ይዛ ሦስት ተራራ ተሻግሮ ካለው ወንድሟ ዘንድ መግባት ነበረባት። ምድጃው አንዴ የጠፋ ቤት ደግሞ በእኛ አገር መልሶ አይጨስም። መንደሩ ከአሥራ አራት አሥራ ሦስት ሆኖ ይቀራል። አማቷ፣ «ከዚህ ቤት የምወጣው በሰው ትከሻ ነው» ብለው ጨርሰዋል።

ገብሱ ሦስተኛ ቅጠሉን ሲያወጣ በታችኛው የቡድሃ ገዳም ትልቅ ጉባኤ እንደሚደረግ ተሰማ። ከደቡብ የመጡ አንድ ሊቅ ሰባት ቀን ስለ ባዶነት ያስተምራሉ ተባለ። ባዶነት በእኛ ዘንድ ስሙ የሚታወቅ፣ ነገሩ ለመነኮሳት የተተወ ነው። ሁሉም በጸሎቱ ያነሳዋል፤ ገበሬ ገበሬን «ምንድን ነው?» ብሎ ግን አይጠይቅም። ሙትፕ ልሂድ አለ። ውሃው የሚጀመርበትን ቀን ኮከብ ቆጣሪው ቆርጦ ስለነበር ሰባቱን ቀን መቆየት አይችልም። ሦስት ቀን ተማረና በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ተነስቶ መጣ።

ራት ላይ የተማረውን ነገረን። ሊቁ ያስተማሩት በውሃ ወፍጮ ነው አለ፤ በንግግር አንድ በአንድ ነቃቀሉት። የላዩ ድንጋይ ወፍጮ ነው? አይደለም፣ ድንጋይ ነው። የታቹስ? እሱም ድንጋይ ነው። የሚሽከረከረው? እንጨት ነው። ውሃው ነው? ቤቱ ነው? ዱቄት የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው?

«ነቅለው ሲጨርሱ፣ 'እሺ፣ ወፍጮው የት ሄደ?' አሉን። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ አንድ የመለሰ የለም። ወፍጮ የሚባል የለም፣ ኩንዜስ። ስም ነው።»

«ገብሴን ቆልቻለሁ» አለች አክስቴ። «ነገ ስሙ ዘንድ ወስደህ አስፈጭልኝ።»

«አትቀልጂ። ማሳም እንደዚያው ነው። አፈሩን አንሺ፣ ድንጋዩን አንሺ፣ ሥሩን አንሺ፤ ማሳ የሚባል አታገኚም። የኔ ነው የሚባል የለም፤ የኔ አይደለም የሚባልም የለም።»

ይህን ሲል ፊቱ እንደ ወጣት ፊት ሆነ። ያን ጊዜ አልገባኝም። አሁን እሱ የነበረበት ዕድሜ ላይ ደርሼ ሳስበው ግን የሚገባኝ ይመስለኛል። ሃያ ስምንት ዓመት በሚስቱ መሬት ላይ ያረሰና ከበሩ ጥግ የተቀመጠ ሰው፣ በዓለም ላይ ማሳ ያለው አንድም ሰው የለም ሲባል ሰማ። እንዴት ደስ አይለው?

እኔም ዝም አላልኩም። ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ዝም አይልም። ንብረት የሰዎች ስምምነት እንጂ ሌላ ምንም አይደለም የሚሉ ፈላስፎች በፈረንጅ አገርም አሉ አልኩት።

«ይኸው» አላት አክስቴን። «ጃሙም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው።»

ያን ቀን ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር። ያልኩት ግን እሱን ነው።

በተቆረጠው ቀን ውሃው ተጀመረ። የመጀመሪያው ቤት የጉርመት ነው። ሙትፕ ጓሉን አነሳና ከቦዩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጥላው ምልክቱ ላይ ደረሰ፤ አልተነሳም። ምልክቱን አለፈው፤ አልተነሳም። ጉርመት ራሱ ከማሳው ወጥቶ መጣ።

«አቾ ሙትፕ» አለው፤ ለታላቅ የሚባለውን ቃል የሚጠቀመው ሲደነግጥ ብቻ ነው። «ጥላው አልፏል እኮ። አሞሃል?»

«የቱ ጥላ?»

«ይሄ ነዋ፣ ድንጋዩ ላይ ያለው።»

«ድንጋዩ ላይ ፀሐይ ያልደረሰበት ቦታ አለ። ተራ የሚባል ነገር ግን አይታየኝም። ላንተ ይታይሃል?»

ጉርመት ድንጋዩን አየ። አጎቴን አየ። ከዚያ ማሳውን አየ፤ ውሃው ገና ሦስተኛው እርከን ላይ ነበር። ጉርመት ሞኝ አይደለም።

«እውነትህን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም አይታየኝም። የሚቀጥለው ቤት ተራስ?»

«ስም ነው።»

«እኔ ደግሞ ለስም ብዬ ውሃ አልዘጋም» አለና ወደ ማሳው ተመለሰ።

በዚያ ቀን ሌላ ቤት ውሃ አላገኘም። በሁለተኛውም ቀን ከላይ ያሉት ሦስት ቤቶች ብቻ ናቸው ያጠጡት። በአራተኛው ቀን ሰዎች የየራሳቸውን ጓል በእጃቸው ማንሳት ጀመሩ። አባቶቻቸው የማያደርጉትን ነገር መጀመሪያ እያፈሩ፣ በኋላ ሳያፍሩ አደረጉት። ከላይ ያለ ያነሳል፤ ከታች ያለ ይጠብቃል። ሙትፕ ከቦዩ ራስ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይቆጥራል። ሰው ሊከሰው ሲመጣ በትዕግሥት ያስተምረዋል።

በዚያው ሳምንት ከላይኞቹ ቤቶች በአንዱ የሕፃን ስም ማውጫ ድግስ ነበር። ሙትፕ እንደ ልማዱ ከበሩ ጥግ ሊቀመጥ ሲል ጉርመት እጁን ይዞ ሳበው።

«የኛ የውሃ አባት አሁን እንደ ቅዱሳን ነው። ከኔ ጎን ነው የሚቀመጠው።»

ከራስ ሁለተኛ አስቀመጡት። ከዚህ ቀደም ያን ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ሙሉ ጽዋውን ይዞ ተቀመጠ። ከታችኞቹ ቤቶች የመጡት ወንዶች ከወዲያ ሆነው ያዩታል።

አክስቴ ያን ሰሞን አላነጋገረችውም። አንዱ ጎረቤት፣ «በዱላ ጫን አድርጊው፤ የመታህ የለም በይው» ብሎ መከራት።

«ዱላዬ ይሰበራል እንጂ እሱ ምን ይሆናል?» አለች። «ቢመታም ፈገግ ነው የሚለው።»

የዶልካር ተራ በዘጠነኛው ቀን ነበር። በአሥረኛው ቀን ጧት ወደ ቦዩ ራስ ወጣች። እኔ የአጎቴን በሶና ሻይ ይዤ እዚያው ነበርኩ።

«አቾ ሙትፕ፣ ተራዬ ትላንት ነበር።»

«ተቀመጪ፣ ዶልካር። ሻይ ጠጪ።»

«አልቀመጥም። የቡቃያው ጫፍ ቢጫ ሆኗል። ዛሬ ካላገኘ እስከ ሳምንት አይደርስም።»

«የምትሠቃዪው 'የኔ ገብስ' ስለምትዪ ነው» አላት። ድምፁ ደግ ነበር። «እስቲ ፈልጊው። ቅጠል አለ፣ አገዳ አለ፣ ሥር አለ። ገብሱ የቱ ጋ ነው?»

«ታች፣ ማሳው ላይ ነው። ተነስ ላሳይህ።»

ፈገግ አለ። «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። ከሁለት ሳምንት በፊት።»

«ከሁለት ሳምንት በፊት ጥሩ ሰው ነበርክ» አለችው።

አልጮኸችም። ከዚያ ቀጥታ ወደ እኛ ቤት ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት። ማድቤት ገብታ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። አክስቴ በቅቤና በጨው የተመታውን ሻይ ቀዳችላት፤ ዶልካር ጽዋውን ያዘችው እንጂ አልጠጣችም።

«አቼ ኩንዜስ» አለች፣ እንደ ታላቅ እህት ጠርታ፣ «ባልሽ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው ይለመናል፤ ባይሆን ይፈራል። ይሄኛው ግን ያዝንልኛል። ምን ላድርገው?»

አክስቴ እሳቱን ቆሰቆሰች። ከዚያ፣ «አኒ ፓልሞ ከጉባኤው ተመልሰዋል?» አለች።

አኒ ፓልሞ ከመንደሩ በላይ፣ ከገደሉ ሥር ባለች ሁለት ክፍል ቤት የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በዚያ ጉባኤ ከመንደራችን ሰባቱንም ቀን የተቀመጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ የሚያጠጡት ገብስ የላቸውም። ከተመለሱ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ መንገድ ላይ ጉልበታቸው አብጦ በየመንደሩ እያረፉ ነበር የመጡት። ዶልካርና እኔ ስንደርስ እግራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ዶልካር ሁሉን ነገረቻቸው። ስትጨርስ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሙትፕ ከጉባኤው የተነሳው ስንተኛው ቀን ላይ ነው?»

«ሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ» አልኩ።

ሳቁ። ጥርስ ስለሌላቸው ሳቃቸው ድምፅ የለውም።

«ምስኪን። ወፍጮው ተነቃቅሎ እንዳለ ነው የወጣው።»

«ከቀትር በኋላ ሌላ ነገር አሉ እንዴ፣ አኒ?» አለች ዶልካር።

«ከምሳ ስንመለስ፣ 'እንግዲያ አምና የበላችሁትን በሶ ማን ፈጨው?' አሉን። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ መልሰው ሲገጣጥሙት ነው የቆዩት። አስቸጋሪው እሱ ነው። መነቃቀልማ ፍየልም ይነቃቅላል።» ብርድ ልብሱን ከእግራቸው አነሱ። «ጫማዬን አቀብዪኝ።»

«ጉልበትዎ...»

«አቀብዪኝ አልኩ።»

ለመውረድ ብዙ ጊዜ ፈጀብን። በአንድ ወገን ዶልካር፣ በአንድ ወገን እኔ ደግፈናቸው ቦዩ ራስ ስንደርስ ሙትፕ ተነስቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ጉርመትም ከማሳው ሰዎች ጋር እዚያው ነበር፤ ለሁለተኛ ጊዜ እያጠጣ። አኒ ፓልሞ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና እስኪያርፉ ድረስ ሁላችንም ጠበቅን።

«ሙትፕ፣ የዶልካርን ተራ ፈልገህ አጣኸው አሉ።»

«አዎ፣ አኒ።»

«የት የት ፈለግኸው?»

«ውሃው ውስጥ የለም። ጥላው ላይ የለም። ድንጋዩም፣ ቦዩም፣ ጓሉም ተራ አይደሉም።»

«ልክ ነህ» አሉ። «እኔም ብፈልገው አላገኘውም። ሊቁም አያገኙትም።»

«አላልኳችሁም?» አለ ጉርመት ወደ ሰዎቹ ዞሮ።

«አንተን ገና አልጠየቅሁህም፣ ጉርመት። ውሃህን አጠጣ።» ወደ አጎቴ ተመለሱ። «ተራው እንደዚህ ዓለት ማንም ሳይነካው በራሱ የሚቆም ነገር ቢሆን ኖሮ፣ መንደሩ አንተን ለምን መረጠህ?»

ሙትፕ አጠገቡ ያለውን አካፋ አየ።

«በራሱ የማይቆም ስለሆነ ነው አካፋ የሰጡህ። ባዶ ነው ማለት የለም ማለት አይደለም፣ ልጄ። ብቻውን የለም ማለት ነው። የዶልካር ተራ በበረዶው፣ በቦዩ፣ በጥላው፣ በጓሉ፣ ደግሞ ባንተ እጅ ነው ያለው። ከነዚህ አንዱን ስታነሳ ምን እንደሚሆን ውረድና ገብሱን እየው።»

«ሊቁ ግን ማሳ የለም...» አለ አጎቴ። «በጆሮዬ ነው የሰማሁት። የኔ የሚባል የለም ሲሉ።»

«ብለዋል። አንተ ያንን ሰምተህ ጉባኤውን ለምን ጥለህ መጣህ?»

«ውሃ ልጀምር።»

«ለማን?»

የአጎቴን ፊት አየሁት፤ ያ ከራት ላይ ጀምሮ የነበረው ብርሃን ከላዩ ሲወርድ አየሁ። ብዙ ሰው ሲያፍር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። የተሰጠውን ነገር የተቀማ ልጅ ይመስል ነበር። አኒ ፓልሞም አይተውት መሰለኝ፣ ቃላቸውን አለዘቡ።

«ከበሩ ጥግ መቀመጥህ ስም ነው፤ እሱን በደንብ ሰምተሃል። የቀረውን ግን አልሰማህም። ሂድ፣ አሁን።»

አጎቴ አካፋውን አነሳ። መጀመሪያ ግን ጓል አልነካም፤ እስከ ዶልካር ማሳ ድረስ ወረደ። ተከተልነው። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። የላይኛው ግማሽ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ሲነካ ይሰበራል፤ በዛፎች ጥላ ያለው የታችኛው ግማሽ ቢጫና አረንጓዴ ነው። ተንበርክኮ አንዲት ቡቃያ ነቀለ፤ ሥሯን አየ፣ መሬቱ ውስጥ መልሶ ተከላት፤ ሞኝነት ነው፣ እንደማትበቅል ያውቃል። ከዚያ ተነስቶ ከታች ወደ ላይ የሌሎቹን ማሳዎች አፍ ሁሉ እየደፈነ ወጣ። የኩንዜስ ማሳ ላይ ሲደርስ አክስቴ ራሷ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

«የኔን ተራ ጨምርላት» አለችው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

የጉርመት ማሳ ላይ ሲደርስ ጉርመት ጓሉን በእግሩ ረግጦ ቆሟል።

«ይሄ ስም ነው ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«ስም ነው» አለ አጎቴ። «ዛሬ ስሙ ዶልካር ነው። እግርህን አንሳ።»

«የማን ማሳ መሰለህ? ያንተ እንዳይመስልህ። አንተ የሚስትህን ምንጣፍ እንኳ...»

«የኔ አይደለም» አለ ሙትፕ። «የኔ ስላልሆነ ነው የመረጣችሁኝ። እግርህን አንሳ፣ ጉርመት።»

ጉርመት አብረውት የነበሩትን ሰዎች አየ። የራሱ ሰዎች ነበሩ፤ ግን ሁለቱ ወደ መሬት ሲያዩ ሌላው አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቤቱ መንገድ ጀምሮ ነበር። እግሩን አነሳ።

ውሃው ያለማቋረጥ እስከ ቦዩ ጭራ ወረደ። አጎቴ እስከ ማግስቱ ቀትር ድረስ ከዶልካር ማሳ አልተለየም። ከማሳው ግማሹ ዳነ። ግማሹ ግን ሞቶ ነበር፤ ውሃ ሲነካው ጠቆረ እንጂ አልተነሳም። የዳነው ለሁለት ሴቶች እስከሚቀጥለው አጨዳ እንደማይበቃ ያየ ሁሉ ያውቃል። ዶልካር ትቆያለች ወይስ ትሄዳለች የሚለው ነገር በዚያ በጋ ሙሉ ተንጠልጥሎ ቆየ። እሷም ለወንድሟ መልእክት አልላከችም፤ አማቷም ምንም አልጠየቁም።

ሙትፕ ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የውሃ አባት ሆኖ ቆየ፤ ጉልበቱ እምቢ እስኪለው ድረስ። ሌላ ጉባኤ ሲሆን ሄደ፤ በሚቀጥለውም ሄደ፤ ወደ ኋላ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ቀን ሰማ። ስለ ባዶነት ሲናገር ግን መልሼ አልሰማሁትም። ወጣት መነኮሳት ሊያከራክሩት ሲፈልጉ፣ «እኔ ገበሬ ነኝ፤ ሦስት ቀን ነው የተማርኩት» ይላቸው ነበር፤ ሲጠቃቀሱ እያየ። በድግስም ከበሩ ጥግ ተቀመጠ። ወደ ውስጥ ሊያስገቡት ሲሞክሩ እምቢ አለ፤ ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅሁት። «እዚህ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ያስፈልጋል» አለኝ። ባለፈው የብርድ ወቅት በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ሞተ። እኔ ሌህ ከተማ ነበርኩ፤ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ አልደረስኩም።

ሳስታውሰው ግን ቶሎ የሚመጣልኝ የዚያ ዓመት አጨዳ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር።

ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ ሲቀመጥ፣ እያንዳንዱ ቤት ለውሃ አባት አንድ እቅፍ ነዶ ያመጣል፤ የድካሙ ነው። በዚያ ዓመት ከላይም ከታችም አመጡ። የጉርመት እቅፍ ትንሽ ነበር፤ ኩንዜስ ትኩር ብላ ስታየው ተመልሶ ሄዶ ጨመረ። ሙትፕ ሁሉም አምጥተው እስኪጨርሱ ጠበቀ። ከዚያ ነዶውን በገመድ እያሰረ በጀርባው ወደ ቦዩ ጭራ ያመላልስ ጀመር። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። መጨረሻው ላይ አክስቴ ከራሷ ክምር አንድ ትልቅ ሸክም አሸከመችው፤ እኔም ትንሽ ያዝኩ።

ዶልካር አውድማዋ ላይ ቆማ ሲያራግፍ አየችው። አማቷ ከጣራው ላይ ሆነው ያያሉ። አመሰግናለሁ አላለችም፤ እሱም አልጠበቀም።

«ይበቃሻል?» አላት ሲጨርስ።

«ከኔው ጋር ሲደመር ይበቃል።»

ነዶውን በአንድ ወገን፣ የራሷን በሌላ ወገን አደረገች። አማቷ ከጣራው ላይ፣ «ማገዶ አስገቢ፤ ሊመሽ ነው» አሉ፤ እንሄዳለን ወይስ እንቆያለን የሚለውን የጠየቁትም የመለሱትም በዚያው ነበር። ዶልካር ግን አልገባችም። ከራሷ ክምር፣ ከዚያ ከግማሹ ማሳ ካገኘችው፣ አንድ እቅፍ አነሳች። አፈሩን አራገፈችና ለአጎቴ ዘረጋችለት።

ወደ ኋላ አለ። «ከአንቺ? አልወስድም።»

«ውሃ አጠጥተኸኛል።»

«አቃጥዬብሻለሁ።»

«አቃጥለኸዋል። አጠጥተኸዋልም። ሁለቱንም አንተ ነህ ያደረግኸው።» እጇን አልመለሰችም። «የውሃ አባት ድርሻውን የማይወስድበት ቤት ተራ የሌለው ቤት ነው። እኔ ተራ አለኝ። ተቀበል።»

አጎቴ ለአፍታ እኔን አየኝ። ምን እንዲል እንደምነግረው የጠበቀ ይመስል። እኔ የምለው አልነበረኝም። እጁን ዘረጋ፤ ነዶውን ተቀበለ። በገመድ አላሰረውም፣ ጀርባው ላይም አላደረገውም። በሁለት እጁ ታቅፎት፣ ከአሥራ አራተኛው ቤት እስከ ኩንዜስ ቤት ድረስ ቦዩን ይዞ ወጣ። ሰው ከየአውድማው ቀና ብሎ ያየዋል። አንድ ዘለላ መንገድ ላይ ወደቀች፤ ነዶውን ሳይለቅ ጎንበስ ብሎ አነሳት።